በ210ኛ ተራ የተጠራው አጥቂ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተገናኙ ሆነው ስላገኘናቸው ይህን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩ ስዊድናዊ የበረዶ ሆኪ አጥቂ ከታዳጊዎች ሊግ ተነሥቶ ለታላላቆቹ መድረክ የሚበቃበት መንገድ ነው። በመልሶቹ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኑሮዬ በስዊድን ነው። 15 ዓመት የሞላው ልጄ ከ6 ዓመቱ ጀምሮ የበረዶ ሆኪ ይጫወታል፤ የሚሰለፈውም በአጥቂነት ነው። ዘንድሮ የወረዳችን ቡድን ለቴቬ ፑከን ተጫዋቾችን ሲመርጥ የእሱ ስም ከዝርዝሩ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልምምድ ቦርሳው ከበር ሥር አልተነሣም። አሠልጣኙን ብጠይቀው «ገና ትንሽ ነው፣ ይደርሳል» ከማለት በቀር የሚያብራራልኝ ነገር የለም። በልጅነቱ የተናቀ ተጫዋች ኋላ ላይ ትልቅ ደረጃ የደረሰበት ጊዜ በእውነት አለ? ወይስ ልጄን በባዶ ተስፋ እየመገብኩት ነው?
(አንዲት እናት፣ ከስዊድን)

መልስ፦ ለማያውቁት አንባቢዎች፣ ቴቬ ፑከን ከ1959 ጀምሮ የሚካሄድ የስዊድን ወረዳዎች የታዳጊ ቡድኖች ውድድር ነው። ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን ስለሚተላለፉ አገሪቱ የነገ ተጫዋቾቿን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይበት መስኮት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ልጅዎ ቢያዝን አይፈረድበትም። ለጥያቄዎ ግን መልሱ «አዎ፣ አለ» የሚል ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነሣው ስም ሄንሪክ ዜተርበርግ ነው፤ ምንም እንኳ የእሱ ፈተና የመጣው ከልጅዎ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ18 ዓመቱ ቢሆንም።

በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ፣ በአጭሩ ኤንኤችኤል፣ ክለቦቹ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት አለው፤ ድራፍት ይባላል። ቀድሞ ከተጠራ ልጅ ብዙ ይጠበቃል፣ ቢደናቀፍም ብዙ ይታገሡታል፤ ወደ መጨረሻው የተጠራ ግን ክለቡ «ምናልባት» ብሎ በኪሱ ያኖረው ስም ነው። በ1999 በቦስተን በተካሄደው ምርጫ የቫንኩቨር ክለብ መንትዮቹን ዳንኤልና ሄንሪክ ሴዲንን በ2ኛና በ3ኛ ተራ ወሰደ። ዜተርበርግን የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ክለብ የጠራው በ7ኛው ዙር፣ በ210ኛ ተራ ነው። አሁን የልደት ቀናቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጡት፦ ሴዲኖች የተወለዱት ሴፕቴምበር 26 ቀን 1980 በኦርንሾልድስቪክ፣ ዜተርበርግ ደግሞ ኦክቶበር 9 ቀን 1980 በሱንድስቫል ነው። ሁለቱም ከተሞች በቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ላይ ይገኛሉ። በአንድ የባሕር ዳርቻ፣ በ13 ቀን ልዩነት የተወለዱትን ልጆች መልማዮቹ በ207 ተራ አራራቋቸው።

የተራራቁበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ሴዲኖች ገና ሳይመረጡ በሞዶ ክለብ ዋና ቡድን ውስጥ ከአዋቂዎች ጋር ይጫወቱ ነበር፤ በዚያው በ1999 የስዊድን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ጉልድፑከን ለሁለት ተካፍለው ወስደዋል። ዜተርበርግ ግን በሰውነቱ አነስተኛ ነበር፤ ይጫወት የነበረውም ከሱንድስቫል አጠገብ ባለችው ቲምሮ በሚገኝ፣ በዚያን ጊዜ በሁለተኛው እርከን ላይ በነበረ ክለብ ውስጥ ነው። የዲትሮይቱ መልማይ ሆካን አንደርሾን ያየውም በአጋጣሚ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከክለቡ ባልደረባው ጂም ኒል ጋር የሄደው ሌላ ተጫዋች ለማየት ነበርና። ዓይናቸውን የሳበው ፓኩ (በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ዘወትር ከዱላው የማይጠፋው ያ ትንሽ ልጅ ሆነ። በነገራችን ላይ ያው አንደርሾን ከአንድ ዓመት በፊት በ171ኛ ተራ ያስመረጠው ሩሲያዊ ፓቬል ዳትሱክም በጊዜው ትንሽ ነው ተብሎ የታለፈ ልጅ ነበር።

እስከዚህ ያለው ብዙ ጊዜ የተነገረ ታሪክ ነው። እኛ ግን ሰዎች ስለ ዜተርበርግ ሲያወሩ በስንተኛ ተራ እንደተጠራ ብቻ ማንሣታቸው ዋናውን ነገር ያስረሳቸዋል ብለን እናምናለን። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ጥያቄ «ከተጠራ በኋላ ክረምቱን የት አሳለፈ? ከማን ጋር፣ ምን ያህል ተጫወተ?» የሚለው ነው። ዜተርበርግ ከድራፍቱ በኋላ ሦስት የውድድር ዘመናት ቲምሮ ውስጥ ቆይቷል። ክለቡ በ2000 ኤሊትሴሪየን ወደተባለው ዋናው ሊግ ሲያድግ አብሮ አደገ፤ በመጀመሪያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በሁለተኛው ዓመት ጉልድፑከንን ተቀበለ። በፌብሩዋሪ 2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ለስዊድን ተሰልፎ፣ ቡድኑ በሩብ ፍጻሜ በቤላሩስ 4 ለ 3 ተሸንፎ ሲወድቅ ያንን ሐፍረት ከታላላቆቹ ጋር ተካፈለ። በዚያው ዓመት መኸር ዲትሮይት ሲደርስ ክለቡ ገና ከጥቂት ወራት በፊት የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ ያነሣ፣ በስመ ጥር ተጫዋቾች የተሞላ ነበር። ቦታ ለመለመን ግን አልመጣም፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 22 ግቦች አስቆጥሮ ለዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች በተደረገው ምርጫ ሁለተኛ ወጣ።

ታዲያ ሦስቱ የቲምሮ ክረምቶች ምን ሰጡት? ይህን ለመረዳት የስዊድንን መሰላል ማወቅ ያስፈልጋል። በስዊድን ልጅ የሚያድገው በክለብ ውስጥ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች፣ ከዚያም ከ20 ዓመት በታች የሚባሉ ሊጎች አሉ፤ ከእነርሱ በላይ የአዋቂዎቹ ሁለተኛ እርከን ሆኪአልስቬንስካን፣ በላዩም ዋናው ሊግ አለ፤ ኤሊትሴሪየን ይባል የነበረው ይህ ሊግ ከ2013 ወዲህ ኤስኤችኤል ተብሏል። ክለቦች ያድጋሉ፣ ይወርዳሉም። በአንድ ክለብ ጣሪያ ሥር ታዳጊውም አዋቂውም ስለሚገኙ ጎበዝ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በሳምንቱ መካከል ከአዋቂዎቹ ጋር ሲለማመድ ሰንብቶ ቅዳሜና እሑድ ለታዳጊዎቹ መሰለፍ ይችላል። ቦታ ሲጠፋለትም ወደ ታችኛው እርከን በውሰት ይሄዳል።

ጥቅሙን በአንዲት ትንሽ ቅጽበት ላይ ማየት ይቻላል። ወጣት አጥቂ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ፓኩን ይዞ ወደ ሜዳው ጥግ ቢገባ በፍጥነቱ ብቻ አምልጦ ይወጣል። የ30 ዓመት ተከላካይ ሲገጥመው ግን ይህ አይሠራለትም፤ ሰውየው አያሳድደውም፤ መውጫውን ዘግቶ ይጠብቀውና ክብደቱን ሁሉ ጥሎበት ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ጉልበቱን ማጠፍ፣ ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ ፓኩን ከራሱ አካል ማዶ በዱላው ጫፍ መያዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓኩ ሳይደርሰው በፊት በትከሻው ላይ አሻግሮ ማን እንደሚመጣበት ማየት ይማራል። ዜተርበርግን ኋላ በዲትሮይት ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው፤ ከእሱ የሚገዝፉ ሰዎች ጀርባው ላይ ተለጥፈው ፓኩን ሊነጥቁት ሲታገሉ፣ እሱ ሳይቸኩል የሚያቀብለውን ሰው ይመርጥ ነበር።

ልጅዎ የተወለደበትን ወር አልነገሩንም እንጂ እሱም ቁም ነገር ነው። የታዳጊ ቡድኖች በልደት ዓመት ስለሚከፈሉ በጃንዋሪ የተወለደና በኖቬምበር የተወለደ ልጅ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ፤ በ15 ዓመት ዕድሜ የአሥር ወር ልዩነት በቁመትም በጉልበትም ይታያል። በዚህ የተነሣ በታዳጊ ምርጫዎች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች መብዛታቸው በሆኪ ዓለም የታወቀ ነገር ነው። የኤንኤችኤል ምርጫ ደግሞ ወሰኑን ሴፕቴምበር 15 ላይ ያደርጋል። ሴዲኖችም ዜተርበርግም ከዚያ ቀን በኋላ በመወለዳቸው በ1998 ሳይሆን በ1999 ለምርጫ ቀረቡ፤ አንድ ዓመት ተጨማሪ አገኙ ማለት ነው። ዜተርበርግ ያንን ዓመት ባያገኝ ኖሮ ስሙ ከነጭራሹ ላይጠራ ይችል ነበር ብለን እንገምታለን።

እርስዎን ላለማታለል ግን ይህንንም እንጨምር። በ7ኛ ዙር ከሚጠሩ ልጆች የሚበዙት ኤንኤችኤል ሳይደርሱ ነው የሚቀሩት፤ ጨርሶ ስማቸው የማይጠራው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበዛሉ። ዜተርበርግ ደረሰ ማለት ልጅዎም ይደርሳል ማለት አይደለም። የሚያስረዳን ነገር ቢኖር የ15ም ሆነ የ18 ዓመቱ ምርጫ በዚያ ቀን የታየውን አካል የሚለካ እንጂ ገና ያልተጫወተውን አምስት ክረምት የሚለካ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ አሠልጣኙን «ለምን አልተመረጠም?» ብለው ከሚጠይቁት ይልቅ ልጅዎ በየጨዋታው በረዶው ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገባ፣ ቡድኑ በአንድ ሰው ጎድሎ ሲከላከል እሱን ያሰልፈው እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመትስ ከእሱ ከሚበልጡ ልጆች ጋር የሚለማመድበት ዕድል ይኖር እንደሆነ ይጠይቁት። «ይደርሳል» የሚለው ቃል ለእነዚህ መልስ አይሆንምና ሰውየው የግድ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ጎበዝ የሆነ ስዊድናዊ ወጣት አገሩ ከሚቆይ በ16 እና በ17 ዓመቱ ወደ ካናዳ የታዳጊ ሊግ ቢሄድ ቶሎ አያድግም? ጓደኞቼ ገብርኤል ላንደስኮግን ይጠቅሱልኛል፤ እኔ ደግሞ ኤልያስ ፔተርሶንን እጠቅስባቸዋለሁ። ማናችን ነን ትክክል?
(የሆኪ ወዳጅ)

መልስ፦ ምሳሌዎቹ ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው፤ የልጆቹ ተፈጥሮ ግን የተለያየ ነው።

ላንደስኮግ በኖቬምበር 1992 በስቶክሆልም ተወልዶ በዩርጎርደን ክለብ ያደገ ሲሆን፣ በ2009፣ በ16 ዓመቱ፣ ወደ ካናዳ ተሻግሮ ለታዳጊዎቹ ክለብ ለኪችነር ሬንጀርስ ተጫወተ። በ2011 የኮሎራዶ ክለብ በ2ኛ ተራ መረጠው፤ በዚያው መኸር ኤንኤችኤል ገባ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የሚሸለመውን የካልደር ዋንጫ ወሰደ፤ በ19 ዓመቱም የቡድኑ አምበል ሆነ። በ2022 የስታንሊ ዋንጫን በአምበልነት አንሥቷል። የእሱ ዓይነቱ፣ በ16 ዓመቱ ሰውነቱ የጠና፣ ግጭት የማይፈራና ቋንቋውን ቶሎ የሚይዝ ልጅ ካናዳ ሄዶ የሚያተርፈው አለ፤ ከሁሉ በፊት ሜዳውን ይለምደዋል። በአውሮፓ የተለመደው ሜዳ 30 ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው የሰሜን አሜሪካው ወደ 26 ሜትር ይጠጋል። አራት ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ክንፍ ላይ ፓክ ለሚቀበል አጥቂ ቀና ብሎ የሚያስብበትን ጊዜ ይቀማዋል።

ፔተርሶን ሌላ ፍጥረት ነው። ያደገው ከሱንድስቫል ወደ ውስጥ ገባ ብላ በምትገኝ ኦንገ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ አባቱ የከተማዋ የበረዶ አዳራሽ ሠራተኛ ስለነበሩ ከወንድሙ ጋር አዳራሹ ባዶ በሆነ ሰዓት ገብተው እስኪጠግቡ ይጫወቱ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ እንደ ጣፋጭ ወሬ ይዞት ያልፋል፤ እኛ ግን አሠልጣኝ በሌለበት፣ ማንም በማይቆጥርበት ሰዓት የተገኘው ያ ነጻነት በአጨዋወቱ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል ባዮች ነን። ወደ ቲምሮ የሄደው እንደ ዜተርበርግ ነው፤ በሆኪአልስቬንስካን በ2016/17 የውድድር ዘመን በ43 ጨዋታዎች 41 ነጥብ አገኘ። (በሆኪ አጥቂ ላስቆጠረውም ለግብ ላቀበለውም እኩል አንድ ነጥብ ይያዝለታል።) በጁን 2017 ቫንኩቨር በ5ኛ ተራ ሲመርጠው ብዙዎች ቅጥነቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚህ ላይ ነው ያ የቆይታ ዓመት የሚመጣው። ፔተርሶን ወዲያው ባሕር አልተሻገረም፤ በደቡብ ስዊድን ወደሚገኘው ቬክሾ ሌከርስ ሄዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው ሊግ ተጫወተ። በ44 ጨዋታዎች 24 ግብ አስቆጥሮ 32 ለግብ በማቀበል 56 ነጥብ ሰበሰበ፤ በኬንት ኒልሰን ተይዞ ከ40 ዓመት በላይ የቆየውን የታዳጊ ተጫዋች የነጥብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክለቡም ሻምፒዮን ሆነ። በኦክቶበር 2018 ከካልጋሪ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ የኤንኤችኤል ጨዋታው ግብ አስቆጥሮ ጀመረ፤ ዓመቱን በ71 ጨዋታዎች 66 ነጥብ ይዞ ሲጨርስ የካልደር ዋንጫ የእሱ ሆነ። ያንን ቀጭን ልጅ በ17 ዓመቱ ወደ ጠባቡ ሜዳ መላክ ይሻለው ነበር የሚል ሰው ማስረጃውን ማምጣት ይኖርበታል።

ፔተር ፎሽበርግም በ1991 በ6ኛ ተራ ከተመረጠ በኋላ ዓመታት ሞዶ ውስጥ ቆይቷል፤ በ1993 የዓለም የታዳጊዎች ሻምፒዮና በ7 ጨዋታዎች 31 ነጥብ ያገኘውም፣ በ1994 በሊልሀመር ኦሊምፒክ ለስዊድን ወርቅ ያስገኘችውን የመለያ ምት ያገባውም ኤንኤችኤል ሳይገባ ነው። ሴዲኖችም አንድ ዓመት ቆይተዋል፤ በ2006 በ4ኛ ተራ የተመረጠው ኒክላስ ቤክስትሮምም እንዲሁ። እንግዲህ ከክርክራችሁ እኛ ወደ እርስዎ እናደላለን፤ የላንደስኮግን ዓይነት ልጅ ሲያገኙ ግን ለጓደኞችዎ ይፍረዱላቸው።

ጥያቄ፦ ተንታኞች ስለ ስዊድናዊ አጥቂዎች ሲናገሩ «በሁለቱም አቅጣጫ ይጫወታል» ይላሉ። አጥቂ ግብ ካላስቆጠረ ምን ያደርጋል?
(አጭር ጥያቄ ያለው አንባቢ)

መልስ፦ ሜይ 31 ቀን 2008 በፒትስበርግ የተካሄደውን የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ 4ኛ ጨዋታ እንውሰድ። ዲትሮይት 2 ለ 1 እየመራ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለት ተጫዋቾቹ በቅጣት ወጡበትና ከአንድ ደቂቃ በላይ በሦስት ሰው አምስት ሰው መከላከል ግድ ሆነበት። ከሦስቱ አንዱ፣ በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 43 ግብ ያስቆጠረው ዜተርበርግ ነበር። ፓኩ ከግቡ ፊት ለፊት ተሻግሮ በባዶው ጎን ወደቆመው የፒትስበርግ አጥቂ ሲድኒ ክሮዝቢ ሲያመራ፣ ዜተርበርግ በሰውነቱ ተጠግቶ ዱላውን በክሮዝቢ ዱላ ላይ አጣበቀው። ክሮዝቢ መምታት የሚችልበት ቅጽበት አለፈ። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ አጥቂው ፓኩን ማየት የለበትም፤ የሚያየው የባላጋራውን እጅ ነው። ፓኩን ያየ እንደሆነ ይዘገያል።

ይህ ሥራ በግብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ጨዋታው በዚያው 2 ለ 1 ተጠናቀቀ። ጁን 4 ቀን በ6ኛው ጨዋታ ዲትሮይት 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ሦስተኛዋን ግብ ያገባው ዜተርበርግ ነበር፤ ለስታንሊ ዋንጫ በሚደረጉት የጥሎ ማለፍ ውድድሮች ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው የኮን ስማይዝ ዋንጫም ተሰጠው። ከእሱ በፊት ይህን ሽልማት ያገኘ አውሮፓዊ የቡድኑ ጓደኛና የአገሩ ልጅ ኒክላስ ሊድስትሮም ብቻ ነው፤ ሊድስትሮም ግን ተከላካይ ነበር። ዜተርበርግ እስከ 2018 ድረስ በኤንኤችኤል ለአንድ ክለብ ብቻ 1,082 ጨዋታዎች ተሰልፎ 960 ነጥብ ከሰበሰበ በኋላ፣ ለዓመታት ሲያሠቃየው በኖረው የጀርባ ሕመም ምክንያት መጫወት አቆመ። በመጨረሻው የውድድር ዘመንም ቢሆን ከ82ቱ ጨዋታዎች አንዱም አላመለጠውም።